ናሽቪል ሄዶ ካንትሪን ለመስማት፦ ከትኬት ቆረጣ እስከ ቲፕ

የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኞቹን ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊሊያምስንና ጂም ሪቭስን በካሴትና በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሀበሻ ብዙ ነው። አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ዘመድ ጥየቃ ዲሲ፣ ሽርሽር ሲያምረው ላስ ቬጋስ ይሄዳል እንጂ የእነዚህ ሰዎች ድምፅ ወደተቀረጸባት ከተማ እግሩ ብዙም አይደርስም። ናሽቪል ከአትላንታ በመኪና የአራት ሰዓት ገደማ መንገድ ናት። የቴነሲ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ከምበርላንድ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች።

ከሄዱት መካከልም «ጩኸትና መጠጥ ቤት ብቻ ነው» ብለው የሚመለሱ አሉ። ቅዳሜ ማታ የመጠጥ ቤቶቹን ጎዳና ብሮድዌይን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። ከተማዋን ያቆማት ግን ዘፈን ጽፎ መሸጥ ነው፤ ያንን ለማየት ወንበር ይዞ፣ አፍን ዘግቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዟችሁን ስታቅዱ ብሮድዌይን ለቀን፣ ጸጥ ያሉትን የማዳመጫ ቤቶች ለማታ መድቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንኑ ለማሳካት ነው። (ሰዓቱን በሀበሻ፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

1. እሑድ ግቡ፣ ረቡዕ ውጡ

ሰው ሁሉ ዓርብ ገብቶ እሑድ ይወጣል። ናሽቪል ከሠርጋቸው በፊት ከሚዜዎቻቸው ጋር ለሚጨፍሩ ሙሽሮች የተመረጠች ከተማ ሆናለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሮዝ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ጣሪያ በሌለው አውቶቡስ ላይ ሆነው እየጮኹ ሲያልፉ ታያላችሁ። የሆቴል ዋጋም በእነዚያ ቀናት ይሰቀላል። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ከሄዳችሁ ዋጋውም ይቀንሳል፣ መንገዱም ይተነፍሳል፣ ከሁሉም በላይ ለሙዚቃ የሚሻሉት ማታዎች የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው፦ እሑድ ማታ በስቴሽን ኢን የብሉግራስ (ባንጆ በሚባል ባለ ክር መሣሪያና በቫዮሊን የሚጫወቱት የካንትሪ ዓይነት) ተጫዋቾች ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ሰኞ ማታ ብሉበርድ ካፌ ለጀማሪ የዘፈን ደራሲዎች መድረኩን ይከፍታል፣ ማክሰኞ ደግሞ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የካንትሪ መድረክ ትርዒት አለው። ፕሮግራም ሊቀየር ስለሚችል ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የሦስቱንም ድረ ገጽ እዩ።

ከወራት ሁሉ ሰኔ አካባቢን፣ ማለትም የፈረንጆቹን ጁን፣ ተጠንቀቁበት። በ1972 የተጀመረውና ዛሬ ሲ ኤም ኤ ፌስት የሚባለው የካንትሪ ፌስቲቫል የሚካሄደው በዚያ ወር ነው። ኮከቦቹን በብዛት ማየት ለሚፈልግ ሰው ጊዜው ያ ነው፤ ማዳመጥ ለሚፈልግ ግን አይደለም። በጋው ወበቅ ስላለበት ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ወይም ኦክቶበር ይሻላል።

ከዲሲ ወይም ከአትላንታ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ናሽቪል በአንድ ሰዓት ወደኋላ እንደሆነች አትርሱ። ስትሄዱ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ፣ ስትመለሱ ትከፍሉታላችሁ።

2. ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙበትን ትኬት መጀመሪያ ቁረጡ

ብሮድዌይ ላይ ትኬት የለም፤ ገብቶ መስማት ነው። ትኬት የሚያስፈልጋቸው ሦስት ቦታዎች ግን በር ላይ ደርሶ የሚገኝባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው። ኦፕሪ መሠረቱ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። በኖቬምበር 28 ቀን 1925 ደብልዩ ኤስ ኤም በሚባል፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ ባቋቋመው ጣቢያ ላይ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ይተላለፋል። አቀራረቡን ካላወቃችሁ ግር ሊላችሁ ይችላል፦ የአንድ ዘፋኝ ኮንሰርት አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት ያህል ሰው ወይም ባንድ እየወጣ ሁለት ሦስት ዘፈን ዘፍኖ ይወርዳል። በመሀል አስተዋዋቂው መድረኩ ዳር ቆሞ ማስታወቂያ ያነባል፣ ኮሜዲያን ይመጣል፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት በወጣችበት መድረክ ላይ የሃያ ዓመት ልጅ ይከተላታል። ስለዚህ የሚወዱትን ስም እስኪያዩ እየጠበቁ ትኬት ማዘግየት አያዋጣም። ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተጨመረበት ስለሚሄድ ቀኑን መርጣችሁ ግዙ።

ኦፕሪ አሁን ያለበት አዳራሽ ከመሀል ከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1974 ከቀድሞ ቤቱ ሲለቅ ከድሮው መድረክ ወለል ላይ የተቆረጠ፣ ወርዱ 1.8 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ጣውላ ይዞ ሄዶ አዲሱ መድረክ መሀል ላይ ገጠመው። በ2010 ጎርፍ አዳራሹን ሲያጥለቀልቀው ያ ክብ ውኃ ውስጥ ነበር፤ ተጠግኖ ተመልሷል። ዘፋኞች ማይክሮፎኑን የሚይዙት በእሱ ላይ ቆመው ነው። በቀን የሚደረገውን የመድረክ ጀርባ ጉብኝት ከያዛችሁ እናንተም ቆማችሁበት ፎቶ መነሳት ትችላላችሁ። ማታ ትርዒቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባንዴ ኡበር ስለሚጠራ ዋጋው ይጦዛል፤ አጠገቡ ኦፕሪ ሚልስ የሚባል የገበያ ማዕከል አለ፣ ወደዚያ ጥቂት ተራምዳችሁ ቆይታችሁ ጥሩ።

ሁለተኛው ራይመን አዳራሽ፣ ያ የቀድሞው ቤት ነው። ቶማስ ራይመን የሚባል የወንዝ ጀልባዎች ባለቤት በአንድ ሰባኪ ቃል ተነክቶ ለመንፈሳዊ ጉባኤ ያሠራው ሲሆን በ1892 ተጠናቀቀ። ኦፕሪ ከ1943 እስከ 1974 ከዚህ ይተላለፍ ነበር። የሚቀመጡት ዛሬም እንደ ቤተ ክርስቲያን በረጅም የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው፣ መስኮቶቹም ባለቀለም መስታወት ናቸው። ድምፁ ከእንጨቱ የሚመለስበት መንገድ የተለየ ስለሆነ፣ በቆይታችሁ ማታ የምትወዱት ዓይነት ሙዚቃ ካለ ሰገነት ላይም ቢሆን ትኬት ቁረጡ። ከሌለ በቀን ገብቶ መጎብኘት ይቻላል። ጀርባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መደገፊያ ነገር ያዙ፤ አግዳሚው አይራራም።

ሦስተኛው ብሉበርድ ካፌ ነው። ስለሱ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ይህን ብቻ ያዙ፦ 90 ያህል መቀመጫ ብቻ አለው፣ ትኬቱ በኢንተርኔት የሚለቀቀው ትርዒቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፣ ሲለቀቅም በደቂቃዎች ያልቃል። የሚለቀቅበትን ሰዓት ድረ ገጹ ላይ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።

3. ማረፊያና መጓጓዣ

መሀል ከተማ ካደራችሁ መኪና አያስፈልጋችሁም፤ ይዛችሁ ከመጣችሁም ለፓርኪንግ የምትከፍሉት ያስቆጫል። ከአውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ድረስ 18 ቁጥር የከተማ አውቶቡስ በ2 ዶላር ያደርሳል። ሻንጣ ከበዛ ኡበር ነው።

4. ጠዋቱን ለሙዚየሞቹ ስጡ

የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽና ሙዚየም ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሕንፃው ራሱ መስኮቶቹ የፒያኖ ቁልፎች እንዲመስሉ ተደርጎ ነው የተሠራው። ኤግዚቢሽኑን ስትጨርሱ የምትደርሱበት ክብ አዳራሽ ውስጥ የተከበሩት ሙዚቀኞች ምስል በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በገቡበት ዓመት ጂም ሪቭስ የ1967፣ ዶሊ ፓርተን የ1999፣ ዶን ዊሊያምስ የ2010፣ ኬኒ ሮጀርስ የ2013 ናቸው። የቤታችን ሬዲዮ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

እዚያው ግድግዳ ላይ ዴፎርድ ቤይሊን ፈልጉ። በሬዲዮ ፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ከተወደዱት ተጫዋቾች አንዱ የነበረ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነው። በ1941 ከኦፕሪ ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው እዚያው ናሽቪል ውስጥ ጫማ እየጠረገ ነው። የክብር አዳራሹ የተቀበለው ከሞተ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው። ካንትሪ «የነጭ ሙዚቃ» ነው ለሚል ሰው ይህ ስም አንድ መልስ ነው፤ ባንጆ ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ይዘውት የመጡት መሣሪያ ልጅ መሆኑ ሌላው ነው። ጉዳዩን በሰፊው ማየት የሚፈልግ በ2021 ብሮድዌይ አጠገብ ወደተከፈተው ብሔራዊ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃ ሙዚየም ይሂድ። እዚያ ግን ትኩረቱ ከመንፈሳዊው ስፒሪችዋል እስከ ሂፕ ሆፕ ያለው መላው ሙዚቃ ነው።

ወደ ሙዚየሙ ስትገቡ ስቱዲዮ ቢ የሚባለውን የድሮ የሙዚቃ መቅረጫ ቤት ጉብኝት የሚጨምረውን ትኬት ግዙ፤ በራሳችሁ ሄዳችሁ መግባት አይቻልም፣ ሙዚየሙ ነው በአውቶቡስ የሚወስደው። በ1957 የተሠራ፣ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን የሚመስል ቤት ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ከ200 በላይ ዘፈን የቀረጸው፣ ጂም ሪቭስ ያንን ለስላሳ ድምፁን ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ ያወጣው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ ቆማችሁ የድሮውን ቅጂ ሲያሰሟችሁ ጀርባችሁን ለአስጎብኚው ሰጥታችሁ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ማንም አይታዘባችሁም።

5. ብሮድዌይ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽት

ሎወር ብሮድዌይ የሚባለው ከወንዙ ጀምሮ ጥቂት ብሎክ ነው። በግራም በቀኝም ሆንኪ ቶንክ ናቸው፣ ማለትም መድረክ ያላቸው መጠጥ ቤቶች። በብዛት ለመግቢያ አያስከፍሉም። ሙዚቃው ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት አያባራም። አንድ ባንድ አራት ሰዓት ያህል ተጫውቶ ለተረኛው ይለቃል።

ፓስፖርት ወይም የአሜሪካ መታወቂያ ያዙ፤ ፀጉራችሁ ሽበት ቢሆንም ይጠይቋችኋል። ልጆች ያላችሁ በቀን ግቡ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ምሽት ላይ ከ21 ዓመት በታች ያለን ሰው አያስገቡም። አንዳንዶቹ ውስጥ ሲጋራ ስለሚጨስ አስም ያለበት ሰው በሩ ላይ ቆሞ አሽትቶ ይወስን።

የትኛው ቤት እንግባ? በዘመኑ ኮከቦች ስም የተከፈቱት ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ሆኖ ከተማውን ለማየት ጥሩ ናቸው፤ የሚጫወቱት ግን ግማሹ ሮክና ፖፕ ነው። እኔ የምልከው ወደ ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ ነው። ቤቱ በፊት ቡትስ ይሸጥበት ስለነበር ጫማዎቹ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አሉ። ባለቤቱ ብራዚል የተወለደ ዘፋኝ ነው፣ የድሮውን ካንትሪ ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘውም እሱ ነው። ስደተኛ የሰውን ባህል ከባለቤቱ በላይ ሲጠብቅ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ሐምራዊ ቀለም የተቀባው ቱትሲስ አለ። ቱትሲ ቤስ የምትባል ሴት በ1960 የገዛችው ሲሆን የጀርባ በሩ ወደ ራይመን በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይከፈታል፤ የኦፕሪ ተጫዋቾች ተራቸው እስኪደርስ በዚያ ሾልከው እየመጡ ይጠጡ ነበር።

አሁን ወደ ቲፕ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መግቢያ ነፃ ነው ማለት ሙዚቃው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቤቱ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ የሚኖሩት በቲፕ ነው። አዝማሪ ቤት እንደምናደርገው ግንባር ላይ መለጠፍ የለም። በየጥቂት ዘፈኑ አንዱ ባልዲ ወይም ማሰሮ ይዞ በወንበሮቹ መሀል ይዞራል፤ ዶላር ያልያዘ መድረኩ ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልኩ አንስቶ ይልካል። ለአንድ ባንድ በሰው ቢያንስ 5 ዶላር አስቡ። ዘፈን ማዘዝ የምትፈልጉ ከሆነ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከ20 ዶላር ጋር መድረኩ ላይ አስቀምጡ። ባዶ እጅ ከሩቅ እየጮኹ ማዘዝ ነውር ነው። ኬኒ ሮጀርስ ብትጠይቁ ያውቁታል። ዶን ዊሊያምስ ብትሉ ደግሞ ጊታር ተጫዋቹ ቀና ብሎ ማን እንደጠየቀ ያያችኋል።

ከመድረኩ አጠገብ ቦታ ካገኛችሁ የመሪውን እጅ ተመልከቱ። ዘፈን ሊጀምር ሲል አንድ ነገር በአጭሩ ይናገራል፣ ከዚያ እየዘፈነ እጁን ወደ ወገቡ ዝቅ አድርጎ አንዴ አራት ጣት፣ አንዴ አምስት፣ አንዴ ሁለት ያሳያል። ኮርዶችን (ባንዴ የሚመቱ የድምፆች ስብስቦችን) በፊደል ፋንታ ከ1 እስከ 7 በቁጥር የመጥራት ዘዴ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒል ማቲውስ የተባለ የጆርዳኔርስ ቡድን ድምፃዊ ጀምሮት የስቱዲዮ ተጫዋቾች ሁሉ የተቀበሉት። በዚህ የተነሳ ጠዋት የተዋወቁ አምስት ሰዎች ማታ አብረው አድገው የተለማመዱ መስለው ይጫወታሉ። አንድ ዘፋኝ ድምፁ ከብዶት ዘፈኑን ዝቅ ማድረግ ሲፈልግ መነሻውን ብቻ ይናገራል፣ ቁጥሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ፔዳል ስቲል የሚባለውን፣ ጠረጴዛ መስሎ በእጅ፣ በእግርና በጉልበት የሚጫወቱትን መሣሪያም እዚሁ ቀርባችሁ እዩት፤ ያ የሚያለቅስ የሚመስለው ድምፅ ከእሱ ነው የሚወጣው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መንገዱ ይሞላል። ያን ጊዜ ውጡ።

6. ማታ፦ አፍ ዘግቶ መስማት

ብሉበርድ ካፌ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ግሪን ሂልስ በሚባል ሰፈር፣ በተራ የሱቅ መደዳ ውስጥ ያለች ቤት ናት። በ1982 ተከፈተች። አሁን በዘፈን ደራሲዎች ማኅበር ባለቤትነት ሥር ናት። በሩን ስታዩት «ይህ ነው እንዴ?» ትላላችሁ።

የምትታወቅበት ዝግጅት መድረክ የለውም። አራት ደራሲዎች ክፍሉ መሀል ላይ ፊት ለፊት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ታዳሚው በዙሪያቸው። ቅርብ ያለ ጠረጴዛ ከደረሳችሁ የጊታሩ አንገት ሳህናችሁ ላይ ሊያልፍ ይችላል። በየተራ አንድ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ከመዝፈናቸው በፊት እንዴት እንደጻፉት ያወራሉ፦ አንዱ ከፍቺው በኋላ መኪና ውስጥ፣ ሌላው የቀጠሮ ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ከዚያ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ጎረቤት የሚመስል ሰውዬ በሚሊዮን የተሸጠ የኮከብ ዘፈን በራሱ ድምፅ ቀስ አድርጎ ይጀምራል፤ የጻፈው እሱ ነው። ለእኔ ናሽቪል ማለት ይህች ደቂቃ ናት።

ሕጉ ጸጥታ ነው፣ ሲያንሾካሹኩ ያገኟቸውን ሰዎች ዝም ያሰኛሉ። ስልክ ዝጉ፣ ወሬ ካላችሁ ውጭ ጨርሱ። ምግብ ወይም መጠጥ የግድ የሚታዘዝበት ዝቅተኛ ሂሳብ አለ። ትኬት ካመለጣችሁ የሰኞውን ኦፕን ማይክ ሞክሩ፤ ታዋቂ ሰው አይጠበቅም፣ ግን ከየግዛቱ ጊታሩን ይዞ የመጣውን ልጅ እጁ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ።

ብሉግራስ ለሚወድ ስቴሽን ኢን አለ። ዘ ገልች በሚባለው፣ አሁን ፎቅ በፎቅ በሆነ ሰፈር ውስጥ እንደቆመች የቀረች ዝቅተኛ የድንጋይ ቤት ናት። የተከፈተችው በ1974 በሌላ ቦታ ሲሆን ወደዚህ የመጣችው በ1978 ነው። ፊድሉን፣ ማለትም ቫዮሊኑን፣ ስትሰሙ ማሲንቆ ትዝ ካላችሁ አይግረማችሁ።

7. ምግብ፣ በተለይ ለጾመኛ

የከተማዋ ምግብ ሆት ቺክን ነው። የተጠበሰ ዶሮ ላይ በትኩስ ዘይት የተለወሰ ካየን በርበሬ ይቀባና በነጭ ዳቦ ላይ ከጨው ኪያር ጋር ይቀርባል። እንደሚተረከው ቶርንተን ፕሪንስ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ ሲያመሽ የተናደደችበት ሴት ልትቀጣው በርበሬውን አበዛችበት፣ እሱ ግን ወደደው፤ ቤተሰቡ ዛሬም ፕሪንስስ በሚል ስም ይሸጣል። «እኔ ሚጥሚጣ ያደግኩበት» ብላችሁ ከፍተኛውን አትዘዙ። የሚያቃጥለው ከዘይቱ ጋር ሆኖ አፍ ላይ ስለሚቆይ በውኃ አይለቅም። ከመካከለኛው ጀምሩ።

የሚጾሙ ሰዎች ግን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ምግብ ቤቶች «አትክልት» የሚሉት ብዙ ጊዜ የጾም አይደለም። ጎመኑ በአሳማ ቅልጥም፣ ፎሶሊያው በቤከን ይቀቀላል፣ የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት አለበት፣ አንዳንድ ቤት ዶሮውም በአሳማ ስብ ይዘጋጃል። ሙስሊሞችም ብትሆኑ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ነገሩን ማቅለል ከፈለጋችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ውጡ፤ ናሽቪል ውስጥ የሀበሻ ማኅበረሰብ አለ፣ ምግብ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። እዚያው ኖልንስቪል ፓይክ ላይ የኩርዶች ዳቦ ቤቶችን ታገኛላችሁ፤ በአሜሪካ ትልቁ የኩርድ ማኅበረሰብ የሚኖረው እዚህች ከተማ ነው።

8. ቡትስ የምትገዙ ከሆነ

ብሮድዌይ ላይ «አንድ ሲገዙ ሁለት በነፃ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። የሦስቱም ዋጋ አንዱ ላይ ተደምሯል። ሦስት ጓደኛሞች ተካፍላችሁ ከገዛችሁ ያዋጣል፣ አንድ ብቻ ለሚፈልግ አያዋጣም። ከሰዓት በኋላ፣ እግራችሁ በእርምጃ ካበጠ ወዲያ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ተረከዙ ትንሽ መንሸራተቱ የተለመደ ነው፤ ጣት ላይ ከጠበበ ግን ተዉት፣ ሻጩ «ይለቃል» ቢልም። ወደ ቤት ስትመለሱ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ስለሚይዝ አድርጋችሁት ሂዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከፍተሻው ወዲያም የቀጥታ ሙዚቃ የሚጫወትባቸው መድረኮች አሉ።